መጀመሪያ ሞተር ይጥፋ

ይማም የሞተው ዓርብ ቀን ነው። ከጁምዓ ሰላት ተመልሶ፣ ምሳ እስኪቀርብ ጋደም ልበል ብሎ በዚያው ቀረ። ጀናዛው ከቤት ሲወጣ ታላቅ ወንድሙ አያ እንድሪስ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ ለተሰበሰበው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንድሜን አውፍ በሉት» አለ። የበደላችሁ ነገር ካለ ይቅር በሉት ማለቱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ አፍ «አውፍ ብለናል» ብሎ መለሰ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ሥር ነበርኩ። ከንፈሬ ተላቀቀ፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ አያ እንድሪስ ሌላም ነገር ተናገረ።

«ሐያት አልሰማችም። ሪያድ ሰው ቤት ናት፣ አጠገቧ ዘመድ የላትም። ኮንትራቷን ጨርሳ እስክትመጣ ድረስ ማንም እንዳይነግራት። የደወለችለት ሰው ቢኖር አባትሽ ደህና ነው ይበላት።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጅቷን ሊያድኗት ነው። ሐያት የይማም አንድ ልጅ ናት። ውጫሌ ላይ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሰው ልጅ አሳዳጊ ሆና እንኳ ቲቸር ማለቷን አልተወችም። በወር አንድ ጊዜ ትደውልልኛለች። የዚህ ወር ጥሪዋ ገና ነበር።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት በማግሥቱ ነው። በቀን ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም ያንሳል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጄ ቀርፋፋ ሆኗል።

ይማም በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። ቁመቱ ረዘም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ጅዳ ዓመታት የውኃ ቦቴ ነድቷል። ከዚያ የተረፈው አንድ ነጭ ፎጣ ይመስለኛል፤ ክረምት ከበጋ ከአንገቱ አይለይም። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ። የሚቸኩል ወጣት መናኸሪያ ውስጥ መኪናውን ሲያይ ወደ ሌላው ይዞራል። የሚሳፈሩለት አሮጊቶች፣ እርጉዞችና ዕቃቸው የሚሰበር ሰዎች ናቸው። «መንገድ ሲሮጥ ዓይቼ አላውቅም» ይል ነበር፤ «የሚሮጠው ሰው ነው፣ ያውም ወደማያውቀው።»

ከሁሉ የሚታወቀው ግን በአንድ ልማዱ ነው። የሚነገር ነገር ካለ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ መኪናው እየሄደ አይናገርም። ዳር ይይዛል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፣ ከዚያ ይናገራል። አንድ የገበያ ቀን ከውጫሌ ስንወጣ ድንገት ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ሁላችንም አደጋ የደረሰ መስሎን ተያየን። ፎጣውን አስተካክሎ ወደ ኋላ ዞረና፣

«አያ ሙሄ» አለ በሐዘን ድምፅ፣ «ዶሮህ ከላይ አምልጣለች።»

«መቼ?»

«ድልድዩ ጋ። በመስታወት አየኋት። ስትወርድ እንኳ አልቸኮለችም።»

«ታዲያ እዚያው አትነግረኝም ነበር!»

«እየነዳሁ? መጀመሪያ ሞተር ይጥፋ እንጂ።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። አያ ሙሄም እየተሳደበ ወደ ኋላ ሮጠ። ይማምም ዶሮዋ ተይዛ እስክትመጣ ጠበቀ።

እንግዳ ከተሳፈረ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «አገር ሳያዩ ማለፍ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነው» ብሎ በየጥምዙ ይቆማል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል።

«ይማም፣ አስጎብኚ ነህ ወይስ ሾፌር?»

«ሁለቱንም ነኝ። አንተ የተሳፈርከው ግን ከሾፌሩ ጋር ነው፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ጉዞ ሲያልቅም አንድ ቃል አለችው። ሰው ሁሉ ሲወርድ በሩ አጠገብ ቆሞ «አውፍ በሉኝ» ይላል። አስቆይቼ፣ አንገላትቼ፣ ተናግሬ እንደሆነ ማለቱ ነው። ብዙው ሰው «አውፍ፣ አውፍ» እያለ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

እናቴ የዚህን ሰው መኪና የተሳፈረችው በሰባ አራት ዓመቷ ነው።

እናቴ ከመቱ መጣች። ከመቱ አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ ከአዲስ አበባ ደሴ አንድ ቀን። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ለማንም አልለቀቀችም። ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ስናልፍ ጸሎቷን ጀምራ፣ ስንወጣ «ተራራ ሆድ ገብቼ ወጣሁ፣ እንደ ዮናስ» አለች። ኮምቦልቻን ስታይ «ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ ማን ይገዛዋል?» ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ባለፍንበት ሁሉ ወርዳ ካላየች አይሆንላትም።

የመጣችው ለስለት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደም ፈስሶኝ ለሞት ደርሼ ነበር። እሷ ያን ጊዜ መቱ ሆና፣ ልጇ የምትኖርበትን አገር ታቦት ጠይቃ፣ «የሐይቁ እስጢፋኖስ ሆይ፣ ልጄን ብታተርፍልኝ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ቀይ የከፋይ ዣንጥላ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። አውቶቡስ ላይ ከላይ አታስጭነውም። ሦስት ቀን ሙሉ ጭኗ ላይ ነበር።

እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ከበሩ አታልፍም። በስልክ «እገባና እጅ በእጅ አስረክበዋለሁ፣ ውስጡንም አየዋለሁ» ባለችኝ ቁጥር ዝም አልኩ። ብነግራት ትቀር ነበር፤ ጥላውን በሰው ትልከው ነበር። እኔ ደግሞ እንድትመጣ እፈልግ ነበር። ከተዳርኩ ወዲህ ቤቴን አላየችም።

ዘዴም አዘጋጅቼ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ከደሴ እንዲያመጣን ከይማም ጋር ተነጋግሮ ስለነበር፣ በዋዜማው ለይማም ደወልኩለት።

«በሩ ጋ ስንደርስ ቀድመህ ትወርድና፣ ዛሬ ጥገና ስላለ ማንም አይገባም ብለውኛል ትላታለህ። ጥላውን ከበሩ እናስረክባለን። እሺ?»

«አላህ ያግራው» ብሎ ዘጋ። እሺ ማለቱ መሰለኝ።

ጠዋት ከደሴ ስንነሣ እናቴ ጋቢና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ። ገና ከተማው ሳያልቅ ተዋወቁ።

«ስምህ ማነው ኢልመ ኮ?» አለችው። እኛ ወገን አማርኛው ከኦሮምኛ ጋር የተጋባ ነው፤ «ልጄ» ማለቷ ነው።

«ይማም እባላለሁ እማማ። ኢልመ ኮ ስትይኝ አያቴ ትዝ አለችኝ፣ የወረባቦ ሰው ነበረች፣ እንዲሁ ነበር የምትለኝ። አውፍ በይኝ፣ አንቺ አልኩሽ።»

«በለኝ፣ በለኝ። እርስዎ ሲሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል።»

ሐይቁ ብቅ ሲል ቆመላት። ወርዳ ወገቧን ይዛ አየችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። አላማረሽም?»

«አምሯል። ግን ዝም ብሎ ይተኛል። የኛ ወንዝ ቢሆን ይሄኔ ይሄድ ነበር።»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ ሐይቁን እንዲሄድ ካዘዙት ይማም ቀድሞት አይደርስም» አለ። እናቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ያን ጠዋት በሕይወቴ ካየኋት ሁሉ ደስተኛ ነበረች። ዣንጥላውን እንደ ሕፃን አቅፋ ታሳየው ነበር፣ ዘርፉን በጣቷ እየነካች።

ሐይቅ ከተማ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ሦስታችን ብቻ ቀረን። ከከተማው ወጣ ብለን፣ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ሳይታጠፍ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ይማም እዚያ ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ይማም፣ ምነው ቆምክ? ንዳ እንጂ» አልኩት።

ወረደ፣ በፊት በኩል ዞሮ የእናቴን በር ከፈተ፣ ከመወጣጫው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ከፊቷ ዝቅ ብሎ።

«እማማ፣ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም።»

«ዛሬ?»

«ዛሬም ነገም። ከጥንት የቦታው ሕግ ነው። ሴቶች ከበሩ ተሳልመው ይመለሳሉ።»

እናቴ ጥላውን አየች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ስለቴን ማባበያ አደረግሽው» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወርዳ ከዋርካው ሥር ተቀመጠች፣ ጥላውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ። ለማባበል ስጠጋ በእጇ መለሰችኝ። ይማም ምንም አላላትም። አብሽሪ ብሎ እንኳ አላጽናናትም፣ በሌላ ጊዜ ያች ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር። ወደ ሐይቁ ዳር ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። አልራቀም፤ ቢጠሩት የሚሰማበት ቦታ ነው የቆመው። እንዲያ ሆኖ ረጅም ጊዜ ቆየ። እኔ በልቤ እሰድበው ነበር።

«ና እስቲ» አለችው በመጨረሻ። «አንተ ወንድ ነህ አይደል?»

«ይመስለኛል እማማ።»

«እስላም ብትሆንም ያስገቡሃል?»

«ካልጠየቁኝ እገባለሁ። ከጠየቁኝ ግን ሙስሊም ነኝ እላለሁ፤ ተመለስ ካሉኝ ከበሩ እመለሳለሁ።»

«ጥሩ። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ጥላውን ስታስረክብ ስሜን ንገራቸው። እንዳትረሳ።»

መኪናው እስከሚደርስበት ነድቶን፣ ከዚያ ወርደን በእግር ሄድን፣ እሷ በቀስታ፣ እኔ ከኋላ። ይማም ዣንጥላውን በሁለት እጁ ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ «ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም» ሲል ይሰማኛል፣ እንደ ተማሪ። በሩ ሳይደርስ ወደ ውኃው ወርዶ ለሰላት እንደሚታጠብ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን ታጠበ። ጫማውን ከእናቴ እግር ሥር ትቶ ገባ።

እናቴ ከበሩ ተሳለመችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ይማም ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር።

«ቁጭ በልና ሁሉን ንገረኝ» አለችው። «ከበሩ ጀምር። አንድ እንዳታስቀር።»

ነገራት። መንገዱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ የት እንደቆመ፣ ከፀሐይ ወደ ዛፎቹ ሥር ሲገቡ አየሩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ።

«ቤተ መቅደሱ ያበራል?»

«ኧረ ምንም አያበራም። ከውጭ ሳየው ቆርቆሮ ነው። አንዱ ጥግ ዝጓል።»

እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ያች ሳቅ ምን እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው። ዝገቱን የነገራት ሰው የቀረውንም አይዋሽም።

«የተቀበሉህ ማን ናቸው?»

«አንድ ሽማግሌ መነኩሴ። ዓይናቸው ደከም ያለ። ከፋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። ስምህ ማነው አሉኝ፣ ይማም አልኩ። ፈገግ አሉና፣ የማን ስለት ነው አሉኝ።»

«ምን አልክ?»

«የእናቴ አልኩ። ወለተ ማርያም አልኩ። ደጋግመው ጠሩልሽ፣ ሦስት ጊዜ። ቆጥሬአለሁ።»

እናቴ እጁን ይዛ ሳመችው። እሱም አጎንብሶ ጉልበቷን ሳመ። እኔን ያየኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ የሁለቱ ሆነ። ውጫሌ ስንደርስ ቤት ከመግባታችን በፊት አምባሰልን ላሳይሽ ብሎ ከከተማው ወጣ አለ። ተራራው ገደሉን ይዞ እንደ ግንብ ተገትሯል።

«ይሄ ነው በማሲንቆ የሚያስለቅሱን አምባሰል?» አለችው።

«እሱ ነው።»

«ዝም ብሎ ድንጋይ ነው እኮ!»

«እሱ ዝም ነው እማማ። የሚያለቅሱት ሰዎቹ ናቸው።»

ገና ሳይመሽ፣ ዕቃ እያወረድን እያለ፣ ጎን ወስጄ ያዝኩት። «አትንገራት አላልኩህም?»

«ብለውኛል እትዬ።»

«ታዲያ እናቴን ከኔ ማቃቃር ምን ይጠቅምሃል?»

«እዚሁ ውጫሌ ነው እኮ አንዱን ነገር ባንድ ቋንቋ ሌላ፣ በሌላው ሌላ አድርገው የጻፉት። ያን ውል ልጆችን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እንዳልሳቅኩ ሲያይ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። «አውፍ በሉኝ።»

«ምን አድርገኸኝ!» አልኩት።

ይህ መልስ ይቅርታ አይደለም። በአገራችን የሚያውቅ ያውቀዋል። በደልህን ደብቄ አስቀምጬዋለሁ እንደማለት ነው። እሱም አወቀው።

እናቴ ሦስት ሳምንት ቆየች። በላች፣ ጠጣች፣ የልጅ ልጆቿን አጫወተች። ስለ ስለቱ አንድም ቀን አላነሣችም። ደሴ መናኸሪያ ስሸኛት፣ አውቶቡሱ ውስጥ ካስቀመጥኳት በኋላ፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ሁለተኛ ለአሮጊት አትዘኚ» አለችኝ። «ንገሪኝ እንጂ አትዘኚልኝ።» በሚቀጥለው ዓመት አረፈች። በስልክ ስንነጋገር ከኔ ቀድማ የምትጠይቀው ይማምን ነበር።

ይህ ነው የቆረጠኝ። እናቴን በመጨረሻ ዓመቷ ከኔ የወሰደብኝ መሰለኝ። ሰላምታ አልነፈግሁትም፤ መኪናው ላይ ግን መሳፈር ተውኩ። ለዓመታት ከደሴ ስመለስ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ። ታደሰ ይስቅብኝ ነበር፤ «ሰው እውነት ስለተናገረ የሚኮረፍበት አገር» እያለ። ይማም በበዓልም በለቅሶም ባገኘኝ ቁጥር «እትዬ፣ አውፍ» ይላል። እኔም «ምን አድርገኸኝ» እላለሁ። ልክ እንደ ሰላምታ ሆነ።

ታደሰ የታመመው ባለፈው ዓመት ነው። ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳስታምመው ሰንብቼ፣ ልብስ ላመጣ ለአንድ ቀን ውጫሌ ተመለስኩ። በማግሥቱ ጠዋት በሬ ላይ የይማም መኪና ቆመ።

«ወንድሞቹ ልከውኝ ነው። ጋሽ ታደሰ ይፈልጉዎታል ብለዋል።»

ሌላ መኪና ልጠብቅ አልቻልኩም። ተሳፈርኩ። እናቴ በተቀመጠችበት ጋቢና። መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈጠን ብሎ የነዳ መሰለኝ። ወደ ሐይቅ ስንቃረብ ዋርካው ታየኝ። መኪናው ወደ ዳር ሲያዘነብል ተሰማኝ።

«እንዳትቆም» አልኩት። «ይማም፣ በማርያም እንዳትቆም።»

ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑ ተሳበ። ዞሮ በሬን ከፈተና ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ጋሽ ታደሰ አርፈዋል። ሱብሂ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ።»

ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። አንዱን ግን አስታውሳለሁ። «ንገራት ያለህ ማነው?» አልኩት።

«ማንም። አትንገራት ነው የተባልኩት።»

ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ጮኽኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ዝም አልኩ፣ እንደገና ጮኽኩ። የሚይዘኝ አልነበረም፣ በቃሽ የሚለኝ አልነበረም። ከታደሰ ጋር የኖርኩትን ዘመን ሁሉ እዚያ ጋቢና ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩት። አንድም ጊዜ ዞሮ አላየኝም። አንድም ጊዜ አልራቀም። ሲበቃኝ «ይማም» አልኩ፣ መጣ፣ ነዳ።

ደሴ ስንደርስ የታደሰ ወንድሞች በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ታላቁ ወንድሙ ዓይኑ ቀልቶ «ትንሽ ደከም ብሎታል፣ ግቢና ሻይ ቅመሺ» አለኝ። ፊቱን ሳየው አዘንኩለት። «የት ነው ያደረጋችሁት?» አልኩት። እንደሰማሁ አወቀ፤ ይማምን በዓይኑ ፈለገው። ይማም ግን መኪናውን ሊያቆም ሄዶ ነበር።

ሬሳውን አይቼ፣ የሚገነዝበትን ነጠላ ራሴ መረጥኩ። ሌላ ሴት ያን ጊዜ መሬት ላይ ወድቃ ሰው እየያዛት ነው። እኔ ቆሜ ነበርኩ። ይህን ያደረገልኝ ማን እንደሆነ ያን ቀን አላሰብኩም። ከአርባው በኋላ ይማም መንገድ ላይ አገኘኝና «እትዬ፣ አውፍ» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት የለመድኩት ቃል ወጣ። «ምን አድርገኸኝ።» ያ የመጨረሻው ሆነ።

በይማም ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ከእህቱ ከዘሃራ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሴቶቹ ስለ ሐያት ያወራሉ፤ አንዷ «ባይነግሯት ይሻላል፣ እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች» ትላለች። ዘሃራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለኔ ብቻ ተናገረች።

«ለሱም እንዲህ አድርገነዋል። እናታችን ስትሞት ጅዳ ነበር። ሥራ ላይ ነው፣ አይነገረው ተባለ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ደበቅነው። በደወለ ቁጥር እናቴስ ይላል፣ እኔ ነኝ የምመልሰው፤ ሰላት ላይ ናት፣ ተኝታለች፣ ሰላም ትልሃለች እላለሁ። ሻል ገዛሁላት አለኝ አንድ ቀን። ደስ ብሏታል አልኩት። ሻሉን ይዞ መጣ። በር ላይ ነው የነገርነው፣ ሻሉ እጁ ላይ እንዳለ።»

«ምን አለ?»

«ሻሉን አጣጥፎ ወደ ሻንጣው መለሰው። ከዚያ ወዲህ ግን ነገር አያሳድርም። ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ ከረምኩ ይለኝ ነበር። እኔን ግን አውፍ ብሎኛል፣ በነጋታው።»

በነጋታው። እኔ ግን ዓመታት አስቆየሁት።

ወደ ቤት ተመልሼ እስጢፋኖስ በር ላይ የተናገረውን ቃል አሰብኩ። የማን ስለት ነው ሲሉት፣ የእናቴ።

ሐያት የደወለችው በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ይህን ወረቀት ፊቴ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ስሟን አየሁ። አያ እንድሪስ ያለው ትዝ አለኝ፣ ደግሞም ልክ ነበር። ሰው ቤት ናት። አጠገቧ ማንም የለም። ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ደህና ነው ብላት ማንም አይወቅሰኝም፤ አገር ሁሉ ይህንኑ ተስማምቷል።

አነሣሁት።

«ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? ስሙኝማ፣ አባቴ ስልክ አያነሣም። አጎቴ ኔትወርክ የሌለበት ሄዷል ይለኛል። አክስቴ ደግሞ ተኝቷል ትለኛለች። እርስዎ አይተውታል?»

ከኋላዋ የሚንቸሰቸስ ዘይት ይሰማኛል፣ የዕቃ ኳኳታም።

«ምን እየሠራሽ ነው ሐያት?»

«ምሳ ነዋ። ድስት ጥጃለሁ።»

«ሰዎቹ አሉ?»

«ወጥተዋል። ብቻዬን ነኝ። ምነው ቲቸር?»

«ምድጃውን አጥፊው።»

«እንዴ?»

«መጀመሪያ ምድጃውን አጥፊውና ቁጭ በይ። እኔ አለሁ፣ አልዘጋም።»

የይማም ልጅ ናት፤ ልማዱን ታውቃለች። ዘይቱ ቀስ በቀስ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የወንበር እግር ወለሉ ላይ ሲጎተት።

ነገርኳት። በአጭር ቃል፣ እሱ እንደነገረኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከጁምዓ ተመልሶ እንደነበር።

ስታለቅስ በቃሽ አላልኳትም። አብሽሪም አላልኳት። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከዚህ አምባሰል ይታያል። ልቅሶው ረዘመ፤ እሷ አንዳንዴ ትጮኻለች፣ አንዳንዴ እስትንፋሷ ብቻ ይሰማኛል።

«ቲቸር፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ጀናዛው ሲወጣ አውፍ አሉት?»

«ሰው ሁሉ ብሎታል።»

«እርስዎስ?»

መዋሸት እችል ነበር።

«እኔ አላልኩም ነበር» አልኳት። «አሁን ብያለሁ። አውፍ ብያለሁ።»